ከደሴ እስከ ድሬዳዋ በአንድ ካርኒ፦ ስለ አንድ የእቃ ማድረሻ አገልግሎት

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ቢሮ ባለው አንድ የእቃ ማድረሻ ድርጅት አራት ጊዜ ተጠቅሜያለሁ። መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ወደ ሰቆጣ ላክሁ፤ በመጨረሻም ከድሬዳዋ ወደ ደሴ አንድ የቆርቆሮ ሳንዱቅ አስመጣሁ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። የማነሳው ጉድለት በሌሎች ቢሮዎች የላኩ ወዳጆቼም የደረሰባቸው ስለሆነ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍትሐዊ ሆኖ አልታየኝም። ይህን የምጽፈው ከወሎ ወደ ሌላ አገር እቃ ለሚልክ ሰው እንዲጠቅም ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

በጎውን አስቀድማለሁ። ድርጅቱ በራሱ መሥመር ላይ፣ ማለትም ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ባለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ፣ እንከን የማይወጣለት ሥራ ይሠራል። እቃውን ዓይንህ እያየ ይመዝኑታል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቁሃል፤ የላኪንና የተቀባይን ስልክ በሰፊ ፕላስተር ላይ በማርከር ጽፈው በሁለት ወገን ይለጥፉበታል። ካርኒው ሦስት ቅጂ አለው፤ አንዱ ለላኪው ይሰጣል፣ ሁለተኛው ከእቃው ጋር ይታሰራል፣ ሦስተኛው በጥራዙ ውስጥ ይቀራል። እቃው የሚጫነው ፖርቶመጋላ ላይ ሳይሆን በተዘጋ የጭነት ሳጥን ውስጥ ስለሆነ የጣርማበር ጉምና ዝናብ አያገኘውም። እኔ የላክሁት 18 ኪሎ የሚመዝን በሶና አንድ ጋቢ ነበር፤ በማግሥቱ ረፋድ ላምበረት ደረሰ፤ ልጄ ስልኳ ላይ መልእክት ደርሷት ሄዳ ስትረከብ የቋጠርሁት ገመድ እንኳ አልላላም። ዋጋው የአውቶቡስ ረዳት ከሚጠይቀው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ረዳቱ ግን ካርኒ አይሰጥም፤ እቃው ቢጠፋ የምትይዘው የረዳቱን ቃል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን በደስታ ከፍያለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እከፍላለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው እቃው ከድርጅቱ መሥመር ሲወጣ ነው።

ሁለተኛው ጭነት ድሬዳዋ ለምትኖረው የአጎቴ ባለቤት የተላከ ነበር፤ በጀሪካን የተሞላ አሥር ኪሎ ማር፣ ሁለት ጋቢና አንድ ከረጢት በሶ፣ ሁሉም በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ በጥንቃቄ ታሽጎ። ድርጅቱ የራሱ መኪና ወደ ምሥራቅ እንደሌለው አውቅ ነበርና ሚዛኑ ላይ የምትሠራውን ልጅ ጠየቅኋት። «አብሽር ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላይ ለሚሄዱት እናስረክባለን፤ ድሬ ድረስ እኛው ነን» አለችኝ፤ ክፍያውንም እስከ ድሬዳዋ ድረስ በአንድ ጊዜ ተቀበለችኝ። በቅን ልብ እንደተናገረችው አልጠራጠርም። እቃው በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። አክስቴ ደውላ «ልጄ፣ ማሩን ጋቢው ጠጥቶታል» ስትለኝ መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ነበር፤ የጀሪካኑ ክዳን ተሰንጥቆ ግማሽ ያህሉ ማር ፈስሶ ነበር።

ደሴ ቢሮ ስሄድ «ከእኛ እጅ ሲወጣ ደህና ነበር» አሉኝ። አክስቴ ድሬዳዋ ያለውን ቢሮ ስትጠይቅ ደግሞ «ስንረከበው እንዲሁ ነበር» አሏት። የእኔ ካርኒ ቁጥር ድሬዳዋ ላይ አይታወቅም፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በራሱ ጥራዝ የራሱን ቁጥር ሰጥቶት ነበር። ሁለቱም የሚያምኑትን ተናግረው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ምን ዓይነት ሁኔታ ላይ እንደነበረ የጻፈ ሰው ስላልነበረ እውነቱን ማረጋገጫ ጠፋ። የማሩ ዋጋ ከእኔ ኪስ ቀረ።

ይህን ጉዳይ በባቡር የሻንጣ ፉርጎ ሚዛን የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። አጎቴ ከወሎ ወጥቶ ድሬዳዋ የገባው ወጣት ሳለ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉም በምድር ባቡር ላይ የሻንጣ ፉርጎ ጠባቂ ሆኖ ኖረ። «ፉርጎ» ዛሬ በአማርኛችን ማናቸውም የባቡር ሠረገላ ማለት ሆኗል፤ ቃሉ ግን ለገሃር የሚለውን ስም ካወረሱን ከፈረንሳዮቹ የመጣ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ በመንገደኛ ባቡር ላይ የሻንጣና የጥቅል እቃ መጫኛ የሆነውን ሠረገላ የሚጠሩበት ስም ነው። አጎቴ ስለ ሥራው ሲያወራ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «የእኔ ፉርጎ ጅቡቲ ድረስ ይሄዳል፣ ከቤቱ ግን ወጥቶ አያውቅም» ይል ነበር። ልጅ ሳለሁ አልገባኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 784 ኪሎ ሜትር የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው መሥመር የአገር ድንበር ቢሻገርም ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር። ፉርጎው፣ ጠባቂው፣ ደረሰኙና ጣቢያው ሁሉ የአንድ ቤት ነበሩ፤ ስለዚህ ሻንጣው ሲጠፋ «የማን ጥፋት ነው» የሚል ጥያቄ አይነሳም። ወደ ሌላ መሥመር ይሻገር ቢባል እንኳ መግቢያ አልነበረውም፤ የእኛው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ የምጽዋ አስመራው 95 ሳንቲ ሜትር ነበርና ሁለቱ ቢገናኙ እንኳ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አንዲት ክንድ አይንቀሳቀስም ነበር።

የእኔ ማር ግን የሄደው አጎቴ በሠራበት ዓይነት መሥመር አይደለም። ሁለት ባለቤት ባለው መንገድ ነው የተጓዘው። እንዲህ ያለውን መንገድ በሚገባ የሚያውቁት ሰሜን አሜሪካውያን ናቸው፤ የእነርሱ ሐዲድ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኩባንያዎች እጅ ተከፋፍሎ ስለነበር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ አንድ ሳጥን ሦስትና አራት ባለቤቶችን ሳያቋርጥ አይደርስም። ሎኮሞቲቩ እንደ ልማዱ የኩባንያው ሐዲድ ሲያልቅ ይፈታና ይመለሳል። የሻንጣ ፉርጎ ግን ወደ አንድ ሩቅ ከተማ የሚሄድ እቃ ከሞላበት ተዘግቶና ታሽጎ፣ ውስጡ ሳይነካ፣ ከአንዱ ኩባንያ ባቡር ተፈትቶ በሌላው ይቀጠላል፤ ባለቤቱ አንድም ሐዲድ በሌለው ከተማ ቆሞ ማየትም የተለመደ ነበር። ጋዜጣ፣ ዓሣ፣ እንጆሪ፣ የቲያትር ቡድን መጋረጃና ልብስ፣ አንድ ቀን የሞላቸው ጫጩቶች ሁሉ በእንዲህ ያለ ፉርጎ ሄደዋል። አስከሬን እንኳ የራሱ የጉዞ ትኬት ተቆርጦለት፣ አጃቢው በመንገደኛው ሠረገላ ተቀምጦ፣ በሻንጣው ፉርጎ ወደ ትውልድ አገሩ ይመለስ ነበር።

ይህ እንዲሆን አስቀድሞ ብዙ ነገር መስማማት ነበረበት። የመጀመሪያው ሐዲዱ ነው። የደቡብ ኩባንያዎች ሐዲድ ከሰሜኑ ይሰፋ ስለነበር መገናኛው ላይ እያንዳንዱ እቃ በሰው ትከሻ ይራገፍና ይጫን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መባቻ ላይ፣ ለሁለት ቀን ባቡር አቁመው፣ ከ18,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐዲድ አንዱን ወገን ነቅለው ወደ ውስጥ 7.6 ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠግተው ቸነከሩት። ሁለተኛው ማያያዣው ነው፤ በ1893 የወጣው ሕግ ባቡሮቹ ሁሉ ሠራተኛው በመካከላቸው ሳይገባ የሚቆላለፍ ማያያዣና የአየር ፍሬን እንዲኖራቸው አስገደደ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ በዚያ ዘመን የመንገደኞቹ ሠረገላዎች የሚሞቁት ከሎኮሞቲቩ በቧንቧ በሚመጣ እንፋሎት ነበር፣ የሻንጣው ፉርጎ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ይቆማል። ስለዚህ ሻንጣ ሙቀት ባይፈልግም ፉርጎው የእንፋሎት ቧንቧ ሊኖረው ግድ ነበር፤ ከኋላው ያሉት ሰዎች እንዳይበርዳቸው ለማሳለፍ። የሌላ ቤት ባቡር ውስጥ ለመግባት የሚፈልግ ፉርጎ ለራሱ የማይጠቅመውን ለጎረቤቱ ሲል መሸከም ነበረበት ማለት ነው፤ ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

የብረቱ ጉዳይ ይህ ሲሆን ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ በጎኑ ላይ የባለቤቱ ምልክትና የራሱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ይህ ቁጥር የትም ቢሄድ አይለወጥም። እንግዳው ኩባንያ የራሱን ቁጥር አይቀባበትም፤ በመዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው ያንኑ የባለቤቱን ቁጥር ነው። የመንገደኛው ሻንጣም እንዲሁ ነበር፤ ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር የተቀረጸባቸው የናስ ምልክቶች ይወጣሉ፣ አንዱ በጠፍር ሻንጣው ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ለባለቤቱ ይሰጣል፤ አንድ ትልቅ ሰው በትኬቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ ድረስ ማስመዝገብ ይችል ነበር፤ ሦስት ኩባንያ አቋርጦ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ያንኑ ቁጥር ሲያሳይ ሻንጣው ይወጣለታል። የእኔ ማዳበሪያ ግን አዲስ አበባ ላይ ስሙን ቀይሮ ድሬዳዋ ሲገባ የማላውቀው እንግዳ ሆኖ ነበር። ድርጅቶቹ ምንም ገንዘብ ሳያወጡ ሊያስተካክሉት የሚችሉት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ሁለተኛው ተረካቢ በራሱ ጥራዝ ላይ የመጀመሪያውን ካርኒ ቁጥር ቢጽፍ አክስቴ ድሬዳዋ ቢሮ ቆማ የደሴውን ቁጥር ስትናገር ፊታቸው ያለውን እቃ ባገኙላት ነበር።

ከዚህ የሚቀጥለው ርክክቡ ነው። የባቡር ሠረገላ ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1867 ከተመሠረተ በኋላ ኩባንያዎቹ ሠረገላ የሚቀባበሉበት ደንብ አወጡ፤ ደንቡ በየጊዜው እየተሻሻለ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። መገናኛው ጣቢያ ላይ የተረካቢው መርማሪ ፋኖስና መዶሻ ይዞ እየዞረ መንኮራኩሩን፣ ፍሬኑን፣ በሩን ያያል፤ የተሰበረ ነገር ካገኘ የሰባሪው ኩባንያ ሰው የጥፋት ካርድ ሞልቶ በሠረገላው ላይ ይለጥፋል፣ ካርዱ ከሠረገላው ጋር ይሄዳል። የደንቡ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ በአገልግሎት ብዛት ያረጀውን ባለቤቱ ይከፍላል፣ በአያያዝ ጉድለት የተሰበረውን የሰበረው ይከፍላል። እንግዳ ቤት የተበላሸውን ፉርጎ እዚያው ይጠግኑታል፣ ሂሳቡ ለሚገባው ይላካል። ፉርጎው በሰው ሐዲድ ላይ ለሠራበትም ባለሐዲዱ ለባለቤቱ ኪራይ ይከፍላል፤ በመሆኑም የሰውን ፉርጎ ይዞ ያለ ሥራ ማቆየት የሚያዋጣ ነገር አልነበረም።

ይህ ዓይነቱ ርክክብ እኛ ዘንድም እንደሚቻል የተረዳሁት በሦስተኛው ጭነት ነው። ሰቆጣ ለሚያስተምር ወንድሜ መጻሕፍትና አንድ የፀሐይ ብርሃን መብራት ላክሁለት። ድርጅቱ ከወልዲያ በኋላ የራሱ መኪና የለውም፤ እቃው ወልዲያ ላይ ሰቆጣ ለሚመላለስ ሚኒባስ ይሰጣል። የድሬዳዋው ነገር ገና አልወጣልኝምና በሥጋት ነበር የላክሁት። ወልዲያ ያለው የድርጅቱ ልጅ ግን ሳልጠይቀው ካርቶኑን በአራቱም ጎን በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ የሚኒባሱን ሹፌር ከካርቶኑ አጠገብ አቁሞ ጨምሮ አነሳውና ለእኔም ለወንድሜም ላከልን። ከፎቶው ሥር የደሴውን የካርኒ ቁጥር፣ የታርጋውን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፎ ነበር። ካርቶኑ በሦስተኛው ቀን ሰቆጣ ደረሰ። አንድ ጥጉ ተጨፍልቆ ነበር፤ ወንድሜ ፎቶውን አሳየው፣ ሹፌሩም «አዎ፣ እኔ ጋ ነው የተጫነው፣ ከባድ ነገር አርፎበት ነበር» ብሎ ሳይከራከር ይቅርታ ጠየቀ። ውስጡ ደህና ስለነበር ሌላ ነገር አልተጠየቀም። ያ ልጅ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን የጥፋት ካርድ በገዛ አእምሮው እንደገና ፈጥሮታል። ስሙን ባልጽፍም ሥራውን ለአለቆቹ በደብዳቤ ገልጫለሁ፤ ምስጋና ይገባዋል።

አራተኛው የአጎቴ ሳንዱቅ ነው። አጎቴ ካረፈ በኋላ አክስቴ የሥራ ልብሱን፣ ፋኖሱንና የቆዩ ወረቀቶቹን በሳንዱቁ አድርጋ ለእኛ ለወሎ ዘመዶቹ እንዲሆን ላከችልን። ሳንዱቁ አዲስ አበባ በሁለተኛው ቀን ደርሶ እዚያ አምስት ቀን ተቀመጠ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ስልክ ደወልሁ። ከምሥራቅ የሚመጣው መኪና የሚያራግፍበት ቦታና ወደ ደሴ የሚነሳው መኪና የሚጭንበት ላምበረት የተለያዩ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል እቃውን የሚያመላልሰው ማን እንደሆነ በሁለቱ ድርጅቶች ስምምነት ውስጥ አልተጻፈም። አንደኛው «መጥተው ይወስዳሉ» ብሎ ይጠብቃል፣ ሌላኛው «ያመጡልናል» ብሎ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የቺካጎን ነገር ማንሳት ግድ ይለኛል። በዚያች ከተማ የየኩባንያው የመንገደኛ ባቡር በተለያዩ ትልልቅ ጣቢያዎች ይቆም ነበር፤ ከምሥራቅ የመጣ መንገደኛ ወደ ምዕራብ ለመቀጠል ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ከተማውን ማቋረጥ ነበረበት። ነገር ግን ሻንጣውን ሊሸከም አይጠበቅበትም። እ.ኤ.አ. በ1853 የተቋቋመ ፓርሚሊ የተባለ አንድ አመላላሽ ድርጅት በመጀመሪያ በፈረስ ጋሪ፣ በኋላም በመኪና መንገደኛውንም ሻንጣውንም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ያደርስ ነበር፤ ከኩባንያዎቹ ጋር ውል ነበረውና በረጅም ጉዞ ትኬት ላይ የማመላለሻው ኩፖን አብሮ ይቆረጥ ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ ያለው ረጅም መንገድ ሁልጊዜ ባለቤት አለው፤ እቃ የሚጠፋው በሁለቱ ረጅም መንገዶች መካከል ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። የእኔም ሳንዱቅ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ረጅም መንገድ በሁለት ቀን ጨርሶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለችውን የታክሲ መንገድ ለመሻገር አምስት ቀን ፈጀበት። ድርጅቶቹ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከሁለቱ በአንዱ ወጪ የሚመላለስ አንድ ባለ ሦስት እግር መኪና ቢመድቡ ይህ ሁሉ በተፈታ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠውን ነጥብ ያቆየሁት ሰፋ አድርጌ ለማየት ስለፈለግሁ ነው፤ ተጠያቂነቱን ማለቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ እቃቸው የተጎዳባቸው ላኪዎች ለብዙ ዘመን እኔ የገጠመኝ ገጥሟቸዋል፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሐዲዴ ሲወጣ ደህና ነበር ይላል፣ መካከለኛው በታሸገ በር ነው ያሳለፍሁት ይላል፣ የመጨረሻው ስረከበው ተሰብሮ ነበር ይላል። ላኪው ደግሞ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ጣቢያ የሆነውን ማስረዳት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1906 የካርማክ ማሻሻያ የተባለው ሕግ ይህን ገለበጠው። ከአንድ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላ የሚሄድን እቃ መጀመሪያ የተቀበለው ኩባንያ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ጉዳቱ በማንኛውም ተከታይ ኩባንያ ሐዲድ ላይ ቢደርስ እንኳ ለላኪው እርሱ ራሱ እንዲጠየቅ፣ ከፍሎ ሲያበቃም ያጠፋውን ኩባንያ ፈልጎ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ደነገገ። ይህ ለላኪው የተደረገ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ የተሻለ ማወቅ የሚችለውን ወገን ማስጠየቅ ነው። ኩባንያዎቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ መዝገብ አላቸው፣ በየወሩ ሂሳብ ይተሳሰባሉ፤ ላኪው ያለው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። በአውሮፓም መንግሥታቱ በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ ተስማምተው እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋሉት የእቃ ማጓጓዣ ስምምነት በአንድ የጭነት ሰነድ ብዙ አገር የሚያቋርጥን እቃ የሚመለከት ነበር፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የመንገደኛ ሠረገላዎችና የሻንጣ ፉርጎዎች በየአገሩ ሐዲድ የሚቀባበሉበት የራሱ ደንብ ወጣለት። በኋላ በአሜሪካ ይህን ሥራ ጠቅልሎ የያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የተቋቋመውና 86 የባቡር ኩባንያዎች በጋራ የያዙት የጥቅል እቃ አመላላሽ ድርጅት እስከ 1975 ድረስ ሲሠራ፣ ላኪው የሚያውቀው አንድ ስምና አንድ ደረሰኝ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች ፉርጎው የማን እንደሆነ፣ በማን ሐዲድ እንዳለፈ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ የእነርሱ የውስጥ ጉዳይ ነበር።

ይህን ሁሉ ይዤ ደሴ ወዳለው ቢሮ ተመለስሁ። ሥራ አስኪያጁ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ቡና አስመጣልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ልክ ነው፤ ግን በእኔ እጅ ለሌለ መኪና እንዴት ልጠየቅ?» አለኝ። መልሴን እዚህም ልድገመው። እስከ ድሬዳዋ ያለውን ገንዘብ ደሴ ላይ ተቀብለሃል፤ «ድሬ ድረስ እኛው ነን» ተብሎልኛል፤ ሁለተኛውን ድርጅት የመረጥኸው አንተ ነህ፣ እኔ ስሙንም አላውቅም። ማን ደህና እንደሚይዝና ማን እንደሚያፈስ የምታውቀው አንተ ነህ፤ የሚያፈሰውን ትተህ የሚይዘውን ለመምረጥ የሚያነሳሳህ ደግሞ የፈሰሰው ማር ከአንተ ኪስ ሲወጣ ብቻ ነው። መጠየቅ ካልፈለግህ ካርኒው ላይ «ኃላፊነታችን አዲስ አበባ ላይ ያበቃል» ብለህ በጉልህ ጻፍና እኔም ገንዘቤን እስከዚያው ልክፈል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔው እፈልጋለሁ። ሁለቱም መንገድ ሐቀኛ ነው። የማያዋጣው እስከ ድሬዳዋ አስከፍሎ እስከ ላምበረት መጠየቅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ የወልዲያውን የፎቶ አሠራር በአዲስ አበባው ርክክብ ላይም እንደሚሞክረው፣ የካርኒውን ቁጥርም ሁለተኛው ድርጅት እንዲመዘግብለት እንደሚነጋገር ቃል ገባልኝ። ስለ ካሣው አልተስማማንም።

ይህ ነገር የመንገድ መኪና ጉዳይ ሆኖ እንደማይቀር ስለማስብ ለኮምቦልቻ ሰዎች አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውና የቱርኩ ያፒ መርኬዚ የሠራው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የባቡር መሥመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መሥመርም ስፋቱ ያው ነው፤ ሁለቱም በኤሌክትሪክ እንዲሠሩ የተገነቡ ሆነው አዋሽ ላይ ይገናኛሉ። በአጎቴ ዘመን ያልነበረው መግቢያ አሁን አለ ማለት ነው። የወሎው መሥመር የመንገደኛ አገልግሎት ሲሰጥ ከኮምቦልቻ የተጫነ ፉርጎ አዲስ አበባን ሳያይ፣ ማሩና ጋቢው ሳይራገፍ፣ አዋሽ ላይ ተቀጥሎ ድሬዳዋ ሊገባ የሚችልበት ሐዲድ አለ። ያን ጊዜ የሻንጣ አገልግሎቱን ውል የሚጽፉ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን አንድ ቁጥር፣ አንድ ካርኒና አንድ ተጠያቂ ብለው እንዲጽፉ ከልቤ እለምናለሁ። ብረቱን ከማገናኘት ይልቅ ወረቀቱን ማገናኘት ርካሽ ቢሆንም፣ አንዴ ተለያይቶ ከተጀመረ ግን ለማስተካከል ዓመታት ይፈጃል።

አሁን ለመላክ ለሚያስብ ሰው የምመክረውን በግልጽ ልጻፍ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልዲያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ማንኛውንም እቃ በዚህ ድርጅት ያለ ሥጋት ላኩ፤ ዋጋው ለሥራው የሚመጥን ነው። ወደ ሰቆጣ የሚሄደውንም ወልዲያ ላይ ፎቶ እንዲነሳ ጠይቃችሁ ላኩ። ከአዲስ አበባ ወዲያ የሚሻገረውን ግን የሚፈስ፣ የሚሰበርና የሚበላሽ ካልሆነ ብቻ ላኩ፤ ስትልኩም በካርኒው ጀርባ «እስከ ድሬዳዋ ኃላፊነቱ የእኛ ነው» ብለው እንዲፈርሙላችሁ ጠይቁ። እኔ ባለፈው ሳምንት ሁለት አዳዲስ ጋቢዎች ለአክስቴ ልኬያለሁ። ሚዛኑ ላይ ያለችው ልጅ ጥቂት አመንትታ ፈረመችልኝ፤ ከላምበረትም የርክክቡ ፎቶ በማግሥቱ ደረሰኝ፤ ከሥሩ የደሴው ቁጥር ተጽፎበታል።